በሠርግ ወር ያቆምኩት ማሽን

በእኛ አገር ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ያልዳረ ሰው ከፋሲካ ማዶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ዘመድ ያለው ሁሉ በአንድ እሑድ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠራል። የታናሽ እህቴም ሠርግ የተቆረጠው በዚሁ ወር ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው በሠርጓ ሳምንት፣ ለከተማችንና ለዙሪያው ገጠር መብራት የምትሰጠውን ብቸኛ ማሽን አቆምኩ።

ይህን ነገር ሰው ባወራው ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ያጠፋሁት ጥፋት ቢኖር ይቅርታ ጠይቄ እገላገለው ነበር። የእኔ ግን መገላገያው የጠፋ ዓይነት እፍረት ነው።

የምሠራው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ በተተከለች አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ነው። ወንዙ ከላይ ተጠልፎ በወፍራም ቧንቧ ቁልቁል ይወርድና ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ደግሞ ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ከበላዩ ያለውን ጄነሬተር ያዞራል። የጥገናው ኃላፊ እኔ ነኝ። ዘንጉ የቆመ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ነው። የሚሽከረከረው ብረት ሁሉ፣ በዚያ ላይ ውኃው የሚጫነው ጫና፣ የሚያርፈው አንድ ኩሽኔታ ላይ ነው።

ኩሽኔታ ሲባል ሰው የሚያውቀው በመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን፣ ድቡልቡል ብረት የተደረደረበትን ነው። የእኛው እንደዚያ አይደለም። አንድ ድፎ ዳቦ ቆርሰን፣ ቁራጮቹን ትንሽ ትንሽ አራርቀን መልሰን ክብ አድርገን ብናስቀምጣቸው እሱን ይመስላል። እያንዳንዱን ቁራጭ ፓድ እንለዋለን። ፓዱ ከሥሩ አንዲት እብጠት ላይ ብቻ ስለተቀመጠ ወዲያና ወዲህ በትንሹ ዘንበል ማለት ይችላል። ፊቱ በለስላሳ ነጭ ብረት ተለብጧል፤ ሁሉም በአንድነት ዘይት ውስጥ ይነከራሉ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ይሄዳል፤ ፓዱ ዘንበል ሲልለት ዘይቱ በሰፊው በኩል ይገባና ወደ ጠባቡ ይጨመቃል። ያ የተጨመቀ፣ ከፀጉር የቀጠነ ዘይት ያንን ሁሉ ክብደት ይሸከማል። ማሽኑ እስከዞረ ድረስ ብረት ብረትን አይነካም። የሚነካው ሲቆም ነው።

አጎቴ ይህን አንድ ጊዜ አስረጂኝ ብለውኝ ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ገና ፊደል ሳልጨርስ ስለሆነ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩ፣ በኋላም ያስተማሩ ቄስ ናቸው፤ አባ ነው የምላቸው። ሥራ እንደጀመርኩ ሊጠይቁኝ መጥተው ማሽኑን ዞረው ካዩ በኋላ፣ በሁለቱ ብረት መሃል ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። "ቅባት ነው አባ" አልኳቸው። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሊቃውንት ቅባትና ተዋሕዶ እየተባባሉ ለዘመናት የተከራከሩበት ቃል በጎጃም መሬት ላይ ለቄስ እንዲህ በድፍረት አይነገርም ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ፣ "የእኔ ልጅ ሃይማኖቷ ባይሆንም ሥራዋ ቅባት ነው" ይሉ ነበር። ይኮሩብኝ ነበር። ይህን የምናገረው በኋላ የሆነው ለምን እንደከበደኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

ማሽኑ የቆመው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የውኃ መግቢያውን ደለል ለመጥረግ አቁመነው ሰንብቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ቀን ሲቆም ክብደቱ ዘይቱን ከፓዶቹ መሃል ጨምቆ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ዘንጉን በክሪክ ጥቂት ከፍ አድርጎ ዘይቱ ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ ግድ ነው። እኛም አደረግን። ዘንጉ እስከ ምልክቱ ወጣ፤ ግን ክሪኩ ያፈስ ስለነበር ወዲያው ተመልሶ ተቀመጠ። ለዘይቱ መግቢያ የሚበቃ ጊዜ አግኝቷል ብለን አስነሳነው፤ ያለ ችግር ዞረ። እኔ ግን ያ ቶሎ መውረዱ ከሆዴ አልወጣም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የኩሽኔታው ሙቀት ማሳያ ከልኩ በላይ ተተኮሰና ማሽኑ ራሱን በራሱ አቆመ። ፓዶቹ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ሙቀት መለኪያዎች ነበሩን። አንደኛው ከክረምት ጀምሮ ሞቷል፤ ምትኩን ጠይቀን አልመጣልንም። ስለዚህ የቀረን አንድ ምስክር ነበር። ዘይቱን በመስታወቱ በኩል አየሁት፤ ልኩ ሙሉ፣ መልኩ ጥሩ። ማቀዝቀዣው ውኃ ይፈሳል። የመለኪያውን ሽቦ ፈተሽኩ፤ ደኅና ነኝ አለኝ። የዘይት ጋኑን በመዳፌ ነካሁት። ከወትሮው የሞቀ መሰለኝ፤ ግን ማሽኑ ሲዞር ቆይቷልና ማይ ቢሉኝ አልምልም።

ተረኛው ኦፕሬተር በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ሲከፋ ማየት የማይችል ሰው ነው። "መለኪያው ነው የዋሸው፤ እናስነሳው" አለኝ። ሊሆን እንደሚችል እኔም አውቄያለሁ። ግን መለኪያው እውነቱን ከሆነ፣ መልሰን ባስነሳነው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጩ ብረት ይቀልጣል። መለዋወጫ ፓድ አልነበረንም። ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ከተማው ወራት በጨለማ ይከርም ነበር። ስለዚህ ማሽኑ በራሱ ቢቆምም እንዳይነሳ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማስነሻውን ቆለፍኩና ዘይቱ ወደ በርሜል እንዲወርድ አዘዝኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ መጥራት ጀመረ። የወፍጮ ቤቱ ግቢ በእህል ተሞልቷል። በዚያ እሑድ የሚድረው የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የሁሉም ጤፍ ሳይፈጭ ተቀምጧል። እህቴ ደወለች። መጀመሪያ በቀስታ ነበር የምታወራው፣ መቼ ይመጣል ብላ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ የሠርጓን ጤፍ በጋሪ ጭነው ወደ ሉማሜ፣ በናፍጣ ወደሚሠራ ወፍጮ እንደላኩት ነገረችኝ። የእናቴን ድምፅ ከኋላዋ እሰማ ነበር፤ እናቴ ግን ስልኩን አልተቀበለቻትም። እህቴ ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ "ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መብራቱ መቼ ይመጣል ብሎ አይደለም፤ ያቺ እህትሽ ናት ወይ የዘጋችው ብሎ ነው።"

ዓርብ ቀትር ላይ ሽማግሌዎች መጡ።

ኦፕሬተሩ ነው የነገረኝ። በቱታዬ፣ እስከ ክንዴ ዘይት ተነክሬ ወጣሁ። ሦስት ሆነው ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ አጎቴ ከፊት፣ በነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ካባ ደርበው። ከጎናቸው የቤተ ክርስቲያናችን ገበዝ። ሦስተኛው ከከተማው ጫፍ የሚኖሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ በዚያው እሑድ ልጃቸውን የሚድሩ። እጄ ስለቆሸሸ እንደ ወጉ አንጓዬን ዘርግቼ ሰላም አልኳቸው። ወንበር ወጣላቸው። አልተቀመጡም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እሺ እስኪባሉ የማይቀመጡ ሽማግሌዎች ሆነው ነበር የመጡት።

እባካችሁ ቁጭ በሉ ብዬ ለመንኩ። ገበዙ፣ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ከዚያ አጎቴ ተናገሩ። ድምፃቸው እንደ አጎት አልነበረም፤ እንደማያውቁኝ ሰው፣ በሽምግልና ወግ፣ ቃል እየመረጡ ነበር የሚናገሩት። የስንቱ ቤት እህል ሳይፈጭ እንደቀረ፣ ስንቱ እንግዳ ከሩቅ አገር ተነሥቶ በመንገድ ላይ እንደሆነ፣ የእህቴም አማቾች ከደብረ ኤልያስ እንደሚመጡ ዘረዘሩ። ከዚያ፣

"ለእሑድ ብቻ ነው የምንለምንሽ። ከእሑድ በኋላ ቢፈልግ ዓመት ይቁም፣ ማንም አይጠይቅሽም" አሉኝ።

ኦፕሬተሩ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ ዘይቱ ወርዷል፣ አይቻልም በያቸው አለኝ በሹክሹክታ። ቀላል ነበር። ግን የወረደ ዘይት በጥቂት ሰዓት እንደሚመለስ እኔም እሱም እናውቃለን። ቆመው ለሚለምኑኝ ሰዎች በዘይት በርሜል ተከልዬ መመለስ አልሆነልኝም። ያለውን ነገርኳቸው፤ ምናልባት ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል፣ ተጎድቶ ከሆነ በአንድ መነሣት ይጠፋል፣ ከጠፋ ለወራት መብራት የለም አልኩ።

አዛውንቱ ገበሬ፣ "ምናልባት" የሚለውን ቃል ያዙት። በምናልባት ሠርግ ይቆማል ወይ ብለው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ጠየቁ። አጎቴ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

"ተጎድቶ በዓይንሽ አይተሻል?"

"አላየሁም አባ። ለማየት ነው የምከፍተው።"

"እንግዲያው ሳታዪ ነው ሽማግሌ የምትመልሺው።"

"አዎ አባ" አልኩ።

ተንበርክኬም ጉልበታቸውን ያዝኩ። አውቄ አይደለም፤ እጄ ዘይት እንደሆነ ረስቼው ነበር። ሲያነሡኝ በነጠላቸው ላይ የአምስቱም ጣቶቼ ምልክት ቀርቷል። ዝቅ ብለው አዩት። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዳገቱን ወጡ። አጎቴ ከእኔ ሲለዩ ሳይመርቁኝ የሄዱበት ቀን ያ ብቻ ነው። ባሕር ዛፉ መሃል እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ አዛውንቱ በየጥቂቱ ቆም እያሉ ትንፋሽ ይሰበስቡ ነበር። ያንን ዳገት ለእኔ ብለው ወርደው ነው የሚወጡት።

ዓርብ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን ጀመርን። ክዳኑን በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው፣ አነሣን። የተጠገነውን ክሪክ አስገብተን ዘንጉን ከፓዶቹ ላይ አነሣነውና ፓዶቹን አንድ በአንድ በጎን በኩል ማውጣት ያዝን። የመጀመሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ጭረት የለበትም። ነጩ ብረት ዝም ብሎ ያበራል፤ ስንፍቀው የተውንበት የመፋቂያ ምልክት እንኳ ሳይጠፋ አለ። ይህ ጥሩ ነው አልኩና አስቀመጥኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማልወደውን ነገር አየሁ። ከእያንዳንዱ ንጹሕ ፓድ ጋር ልቤ ይወርድ ነበር። የማሽን ሐኪም ነኝ፤ በሽተኛዬ ጤነኛ መሆኑን ሳይ መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን በሚቀጥለው ፓድ ላይ አንድ ጭረት፣ አንድ የጠቆረ ጥግ፣ ትንሽ የቀለጠ ብረት እንዲገኝ እመኝ ነበር። ሽማግሌዎቹን የመለስኩበትን ምክንያት ከዘይት ውስጥ ፈልጌ ላወጣው ነበር የምታገለው። የመጨረሻው ፓድ ሲወጣ ለመጥረግ ራሱ እጄ ከበደኝ። እሱም እንደ መስታወት ነበር።

ጥፋቱን ያገኘሁት በኋላ ነው። የሙቀት መለኪያው ሽቦ ክዳኑን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ልባሱ ተፍቆ፣ ውስጡ ሊበጠስ አንድ ክር ቀርቶት ነበር። ማሽኑ ሲቀዘቅዝና ሲያርፍ ክሩ ይገናኛል፤ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይለያያል፤ ያኔ ማሳያው እሳት የተነሣ አስመስሎ ይጮኻል። እኔ የፈተሽኩት ቆሞ ሳለ ነው፤ ደኅና ነኝ አለኝ። ኦፕሬተሩ ሽቦውን በጣቱ ይዞ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ከሁለታችን በቀር ያየ የለም አለኝ።

ሽቦውን ቀየርን፣ ቀዳዳውን ጎማ አለበስነው። ፓዶቹን መለስን፣ ዘይቱን አጣርተን ሞላን፣ ዘንጉን አንሥተን ዘይቱ እስኪገባ ያዝነው። እሑድ ቀትር ግድም አስነሣሁት። ማሳያው ፊት ለፊት ቆሜ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጥቶ በወትሮው ቦታ ሲረጋ አየሁ። ማሽኑ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አምሮ ዞሮ አያውቅም። ተጣጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ወደ ሠርጉ ሄድኩ።

ዳሱ ጋ ስደርስ ሙሽራው ገብቶ ግብር ተቀምጧል። ሞንታርቦው ከመብራቱ ጋር ነቅቶ ያንባርቃል። እስከዚያ ድረስ በጭብጨባና በአፍ ሲዘፍኑ እንደቆዩ፣ እንዲያውም እሱ ይሻል እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። አሰደብሽን ብላ ብትቆጣኝ እወድ ነበር፤ አልተቆጣችኝም። እህቴም ከዙፋኗ ላይ ሆና ሳቀችልኝ። ግራ ገባኝ። ሰዎች ተነሥተው ቦታ ይለቁልኛል። ሴቶቹ ያቅፉኛል። የአጎቴ ጓደኛ ገበዙ ከተቀመጡበት ጠርተው ግንባሬን ሳሙኝና፣ "ሊቀልጥ ሲል ነው አሉ የደረሽበት። እግዜር በአንቺ አድሮ አገሩን አዳነው" አሉኝ።

ኦፕሬተሩ ከእኔ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል። አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። ዓይኔን ሳያይ፣ ዳሱ ውስጥ ሲገባ ስሜን እያነሡ ሲራገሙ እንደሰማ፣ መስማት እንዳቃተው፣ ፓዶቹ ተቃጥለው አገኘናቸው፣ አንድ ሰዓት ቢዞር ኖሮ አለቀ ብሎ እንደተናገረ ነገረኝ። "ምን ላድርግ? አንቺን ነው እኮ የሚሰድቡት" አለ። ልቆጣው አልቻልኩም። ደግነቱ ነው ያዋረደኝ።

አጎቴን ፈልጌ ከዳሱ ጀርባ፣ የጌሾው ተክል አጠገብ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሌላ ነጠላ ለብሰዋል። ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ ፓዶቹ አንድም አልተነኩም፣ ጥፋቱ የሽቦ ነው፣ የተነገረው ውሸት ነው አልኩ።

"ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ለእርስዎ ብቻ ነው አባ።"

"ሽማግሌ ቆሞ ለምኖ ተመለሰ። በምክንያት ተመለሰ ከተባለ ሰው ይረዳል። በከንቱ ተመለሰ ከተባለ ግን..." ብለው ተዉት። ቆይተው፣ "ዛሬ ይለፍ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። በዚያ ሳምንት እሳቸውን አንድ ጊዜ እንቢ ብያለሁ፤ ሁለተኛ እንቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም። በዚያ ላይ ዝምታው ለእሳቸው ክብር የሚጠቅም መሰለኝ።

ግን ዛሬ ይለፍ የተባለው ነገር ዓመት አለፈው። ወሬው ሲያድግ አየሁ። በዐቢይ ጾም ወቅት ፓዶቹ ጠቁረው ነበር የሚባለው፣ ፋሲካ ሲደርስ ፍም መስለው ነበር ተባለ። ገበያ ውስጥ ሴቶች ለልጆቻቸው ያሳዩኛል። ትምህርት ቤቱ ለሴት ተማሪዎች እንዳወራላቸው ጠራኝ፤ አሞኛል አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ስወጣ ሰዎች ሲያመሰግኑኝ አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትናዋን እዩ ይላሉ። ያቺ ቃል ትገድለኝ ነበር። የሰደቡኝ ጊዜ ቢያንስ የሚሰድቡት ሥራዬን ነበር፤ የሚያመሰግኑኝ ግን ያልሠራሁትን ነው። ብዙ ጊዜ ለአንዱ ልናገር አፌን ከፍቼ፣ አጎቴ ፀሐይ ላይ የቆሙት ትዝ ይለኝና እዘጋዋለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ ወሬው ሲነሣ ወሬ ይለውጣሉ እንጂ አይናገሩም። ሁለታችን እንደ ድሮው ብቻችንን ቁጭ ብለን መጫወት ቀርቶብን ነበር።

በዓመቱ ገደማ እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። የክርስትናው ግብዣ ባሏ አገር፣ ደብረ ኤልያስ ነበር። ከእኛ በኩል ብዙ ሰው ሄደ፤ ገበዙም፣ በዚያው እሑድ ልጃቸውን የዳሩት አዛውንትም፣ ኦፕሬተሩም ነበሩ። ከምግብ በኋላ ጠላ ሲዞር የባሏ አባት፣ ይህች ናት አይደል ማሽኑን ያዳነችው ብለው ጠየቁ። ኦፕሬተሩ የለመደውን ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ።

አጎቴ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ማሽኑ አልተቃጠለም" አሉ። "ከፍታ ስታየው ጤነኛ ነበር። ሽቦ ነው የተበጠሰው። ይህን በሠርጉ ዕለት ነግራኛለች፤ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።"

ኦፕሬተሩ የያዘውን ዋንጫ ወዴት እንደሚያኖረው ጠፋው። እኔ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንት ጊዜ ልናገረው የተመኘሁት ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር እንዲያ ያስደነግጠኛል ብዬ አላሰብኩም።

አጎቴ ቀጠሉ። እንደ ቅኔ መምህር ሲጫወቱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያኔም እንደዚያ ዝቅ አለ። "እና በዚያ ዓርብ ማሽኑንም እኔንም እኩል አቆመችን" አሉ። "እሱን በጨለማ፣ እኔን በፀሐይ።"

ሰዎቹ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና ሳቁ። ገበዙ ካባቸውን በአፋቸው ይዘው ሳቁ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው፣ "እንግዲያው እኔን በከንቱ ነው ያን ዳገት ያስወጣችኝ" አሉ።

"በከንቱ አይደለም" አሉ አጎቴ። "እሷም አላወቀችም፣ እኛም አላወቅንም። ልዩነቱ እኛ ሳናውቅ አስነሺው አልን፣ እሷ ሳላውቅ አላስነሣም አለች። ቆመን የተመለስነው ለዚህ ነው።"

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ወሬው ወደ ሕፃኑ ስም ተሻገረ። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና እህቴ እስክትጠራኝ ድረስ ከእንስራዎቹ አጠገብ ቆየሁ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥኩ። ለምን ዛሬ ተናገሩት ብዬ ጠየቅኋቸው። በመስኮቱ የታጨደውን የጤፍ ማሳ እያዩ መለሱልኝ። ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ስደፋ ዓመቱን ሙሉ እንዳዩኝ፣ ሌላው ትሕትና ሲለው እሳቸው ምን እንደሆነ ያውቁ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ዞር ብለው፣ "ለክብሬ ብዬ አንቺን አሳፈርኩ። ሽማግሌ እንዲህ አያደርግም" አሉኝ።

እንዲህ አይበሉ አባ አልኳቸው። ያሳደጉኝ ሰው በእኔ ፊት ሲያፍሩ ማየት ከቀደመው ሁሉ የከበደ ነበር። እሳቸው ግን ከተናገሩት በኋላ ቀለል ብሏቸው ነበር መሰል፣ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው አንቀላፉ። ነጠላቸው ሲንሸራተት መልሼ አለበስኳቸው።

አሁን ሁለቱም ሙቀት መለኪያዎች ይሠራሉ። ሽቦዎቹን በየጊዜው በእጄ እየዳሰስኩ ነው የማልፈው። ኩሽኔታውን ከፍተን የምናይበትን ጊዜም ከሠርግ ወር አርቀን ከክረምት በኋላ አድርገነዋል። ኦፕሬተሩ ታሪኩን ማውራት አልተወም፤ አሁን ግን በሽቦው ነው የሚያስቀው። ሰውም ይስቃል፣ እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ።

አዛውንቱን ገበሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ። ቀድሜ ቆሜ እንዴት ዋሉ እላቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል፤ አይቆሙም። እንቢ ያልኩበትን ነገር ዛሬም ቢመጣ እንቢ እላለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። ግን በትራቸውን እየተመረኮዙ እስኪያልፉ ድረስ ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም።